ከነጭ እስከ ጥቁር ሳምንቱን የደረደሩት የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን፣ በቀለም ፋብሪካው ሠራተኞች ዘንድ «እትዬ ሰሌዳ» በሚለው መጠሪያ የሚታወቁት፣ ከአባታቸው ከትምህርት ቤት ዘበኛውና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ፣ በ1947 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ በታች ባለው ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ባላት ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ፣ ከሴቶቹ ደግሞ የመጀመሪያዋ ነበሩ።

የሕይወት ታሪክ በተነበበ ቁጥር ሟች ሁሉ ትዕግሥተኛ፣ ሟች ሁሉ ይቅር ባይ ይሆናል። እናታችን ትዕግሥተኛም ይቅር ባይም አልነበሩም። ይህን ከወዲሁ የምንናገረው፣ በኋላ የሚነበበው ማንንም እንዳያስደነግጥ ነው። ታታሪ፣ ቀልደኛ፣ አስተዋይና ቂመኛ ነበሩ። አራቱንም እስከ መጨረሻዋ ቀን አልተዉም።

የእናታቸው ዓይን ደካማ ስለነበር፣ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በስፌት መኪናው መርፌ ላይ ክር የማስገባት ሥራ የሳቸው ሆነ። እናታቸው ልብስ የሚሰፉት ደንበኛ በመጣበት ተራ ነው፤ ከነጭ ሸሚዝ ወደ ጥቁር ሱሪ፣ ከጥቁር ሱሪ ተመልሶ ወደ ነጭ ሸሚዝ። በየመሃሉ ክሩ ይወጣል፣ የታችኛው ክር ተፈትቶ ሌላ ይጠቀለላል፣ መርፌው እንደገና ይሰካል። ሕፃኗ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቅርጫቱን ገለበጡና ነጩን ሁሉ ከላይ፣ ጥቁሩን ሁሉ ከታች አደረጉት። ሰፊዋ ተቆጡ፤ የሰውየው ሱሪ ከሥር ተቀበረ ብለው። ልጅቱ፣ ሰውየው ሱሪውን የሚፈልገው ለከነገ ወዲያ መሆኑን፣ ነጩ ግን ዛሬውኑ እንደሚያልቅ ጣታቸውን እየቆጠሩ አስረዱ። «ይቺ ልጅ ስንፍናዋ ብልሃት ወለደ» አሉ ሰፊዋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅርጫቱን የሚደረድሩት እናታችን ሆኑ።

የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለው ስምንተኛ ክፍል ደረሱ። በ1962 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱ ተቋረጠ። አራት ዓመት ከእናታቸው ጋር ሲሰፉ ቆይተው፣ በ1966 ዓ.ም. በቀለም ፋብሪካው በታንከር አጣቢነት ተቀጠሩ።

ፋብሪካውን ለማያውቅ ሰው ሥራው ምን እንደነበር መናገር ያስፈልጋል። ቀለም የሚቀላቀልባቸው ሦስት ታንከሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የሁለት ሰው ቁመት። አንዱ ቀለም ተቀድቶ ሌላ ሊገባ ሲል አጣቢዋ ፋኖስ፣ መፋቂያና ብሩሽ ይዛ በመሰላል ወደ ውስጥ ትወርዳለች። ከጥቁር በኋላ ነጭ የሚገባ ከሆነ ታንከሩ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከነጭ በኋላ ክሬም የሚገባ ከሆነ ግን ግድግዳውን መፋቅ ብቻ ይበቃል፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የቀለም ትዕዛዞች በቁራጭ ወረቀት ተጽፈው፣ በመጡበት ተራ፣ ግድግዳው ላይ በተመቱ ሚስማሮች ይሰካሉ። ስለዚህ ሰኞ ጥቁር፣ ከሰዓት ነጭ፣ ማክሰኞ ቡኒ፣ ከሰዓት ክሬም። ሴቶቹ ታንከር ውስጥ ሲያጥቡ ቀላቃዮቹ ከውጭ ተቀምጠው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። እናታችን የልብስ ሳጥናቸው በር ላይ በከሰል ጭረት እያሰመሩ ሲቆጥሩ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ሙሉ እጥበት መታጠቡን ደረሱበት። ከሳምንቱ የሥራ ሰዓት ብዙው የሚያልቀው ቀለም በመሥራት ሳይሆን ትናንት የተሠራውን ቀለም በመደምሰስ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት ከማንም ቀድመው ገቡና ወረቀቶቹን ከሚስማሩ ነቅለው በሌላ ተራ ሰኳቸው። ፎርማኑ ሲገቡ ጮኹ።

«ማነው ይሄን የነካካው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ደግሞ ከማጠብ ወደ ማዘዝ መቼ ተዛወርሽ?»

«ከወገቤ ጋር ተማክሬ ነው። እሱ ከኔ በፊት ነው ያወቀው።»

ፎርማኑ ሊነቅሉት እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ የመጀመሪያውን ወረቀት አነበቡ፣ ሁለተኛውን አነበቡ፣ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እስከ ቅዳሜ ይቆይ» አሉ። ቅዳሜ እጥበቱ ሲቆጠር አራት ሆነ። በተከታዩ ሰኞ ፎርማኑ ከጽሕፈት ቤት የተጣለ ጥቁር ሰሌዳ በራሳቸው ተሸክመው መጡና ከታንከሮቹ ፊት ለፊት ሰቀሉት። ጠመኔውን የሰጡት ለእናታችን ነው። «እትዬ ሰሌዳ» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚያው ሳምንት ነው፤ ያወጡትም ዳማቸው የተበተነባቸው ቀላቃዮች ናቸው።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ከፈዛዛው ወደ ደማቁ መሄድ ብቻ ይመስላል። ይህ ብቻ ቢሆን ማንም ያውቀው ነበር። የመጀመሪያው ታንከር ከነጭ ተነስቶ በክሬም፣ በቢጫ፣ በብርቱካንና በቀይ አልፎ ቡኒ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው ከውሃ ሰማያዊ ተነስቶ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በግራጫ አልፎ ጥቁር ላይ ያርፋል፤ ቀይና አረንጓዴ በአንድ ታንከር አይከተሉም፣ ጭቃ ይሆናሉና። ሦስተኛው የዘይት ቀለም ብቻ ነው፣ ውሃ አይነካውም። ማክሰኞ ቡኒ የሚፈልግ ደንበኛ ካለ፣ ለሱ ሲባል ሳምንቱ አይሰበርም፤ ቡኒው ባለፈው ሳምንት ማብቂያ ላይ ተሠርቶ በበርሜል ይጠብቀዋል። የእያንዳንዱ ቀለም የመጨረሻ እጣቢም አይደፋም፤ ተከድኖ ይቀመጥና በሚቀጥለው ዙር ያው ቀለም ሲሠራ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ በየሰኞው በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ነበር። የጻፉት እናታችን ናቸው፤ ለሃያ ሁለት ዓመት።

በ1971 ዓ.ም. ከአባታችን፣ ከአውቶቡስ ቲኬት ቆራጩ ጋር ትዳር መሠረቱ። አባታችን ከሳቸው ጋር በቀልድ ገጥመው ያልተሸነፉ ብቸኛ ሰው ነበሩ። በሠርጋቸው ሰሞን፣ «ከኔ በፊት የመጡትን ጠያቂዎች በስንት እጥበት አስለቀቅሻቸው?» ብለው እንደነበርና እናታችንም «አንተ ጥቁሩ ነህ፤ ካንተ በኋላ ሌላ አይገባም» ብለው መመለሳቸው በቤተሰቡ ሲነገር የኖረ ነው። ቤቱም በተራ ነበር የሚተዳደረው። ልብስ የሚተኮሰው ካውያው ገና ለብ ሲል ከሚበቃው ስስ ልብስ ጀምሮ፣ በደንብ ሲግል ወፍራሙን ጥጥ አስከትሎ ነው። አባታችን አንዴ ቸኩለው ሱሪያቸውን አስቀድመው ተኩሰው፣ ካውያው ሳይበርድ የእናታችንን የሐር ሻርፕ ደገሙበት። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ካውያ እንዳይነኩ ተፈረደባቸው፤ እሳቸውም ፍርዱን በደስታ ተቀበሉ።

በ1973 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ዛሬ ኤሌክትሪሻን የሆነውን ወንድማችንን፤ በ1979 ዓ.ም. ነርሷን ልጃቸውን፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ሳትታሰብ የመጣችውን ትንሿን ልጃቸውን ወለዱ።

በ1984 ዓ.ም. አንድ ልጅ እግር ኢንጂነር የምርት ዕቅድ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ወደ ፋብሪካው መጣ። ከረባቱን እስከ ጉሮሮው ጥብቅ አድርጎ ስለሚያስር ቀላቃዮቹ «ከረባቱ» አሉት። እናታችን «ልጄ» ነበር የሚሉት። ሁለት ወር ሙሉ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ጠየቃቸው፤ ሁለት ወር ሙሉ አስረዱት። ምሳ አካፍለውታል። ሸሚዙ ላይ የፈሰሰውን ቀለም አስለቅቀውለታል። ሰሌዳውን በደብተሩ የገለበጠው በ1985 ዓ.ም.፣ በአንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። በቀጣዩ ዓመት ከደብተሩ ላይ በጽሕፈት መኪና ተመትቶ፣ በፕላስቲክ ተለብጦ፣ «የተሻሻለ የምርት ቅደም ተከተል ሠንጠረዥ» በሚል ርዕስ፣ ከሥሩ የሱ ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት በፋብሪካው መግቢያ ተሰቀለ። የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ፎቶግራፉ ከሠንጠረዡ ጎን ተለጠፈ። በርክክቡ ዕለት በተነበበው ንግግር እናታችን በስም አልተጠሩም፤ «የታንከር ክፍል ሠራተኞች ትብብር» ተብሎ ታለፈ።

አሁን የምንጽፈውን፣ ይህን ታሪክ የሚያነበው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው እንጠይቃለን።

ሠንጠረዡ ስሕተት ነበረበት። በመጀመሪያው ታንከር ተራ ላይ፣ ከቡኒ ቀጥሎ ክሬም ይላል፤ ዝግጅቱም «መፋቅ ብቻ» ይላል። ታንከር አጥቦ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጽፍም። እናታችን ግን በዚያች ሐሙስ ሰሌዳው ላይ ጽፈውት ነበር፤ ምክንያቱም በዚያን ዕለት ቡኒው እንዳለቀ የፋብሪካው መካኒክ ታንከሩን ከፍተው የማማሰያውን ምላጭ ሊቀይሩ ነበር። ለጥገናው ታንከሩ እስከ ብረቱ ድረስ መታጠቡ የማይቀር ስለሆነ፣ እጥበቱን በነጻ አገኙና ክሬሙን ከኋላው አስገቡት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የአንድ ቀን አጋጣሚ ነበር። ኢንጂነሩ አጋጣሚውን ሕግ አድርጎ ገለበጠው። ያልገባውን የሚገለብጥ ሰው ጠባሳውንም አብሮ ይገለብጣል።

እናታችን ይህን ሠንጠረዡ በተሰቀለበት ቀን አይተውታል። መካኒኩም አይተውታል። ሁለቱ ተያዩ። መካኒኩ «እንንገረው?» ሲሉ፣ እናታችን «ይብሰል» አሉ።

በዚያው ዓመት ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው ሠንጠረዡን ሲያዩ፣ አንዷ እንግዳ፣ ከቡኒ በኋላ ክሬም እንዴት ያለ ሙሉ እጥበት እንደሚገባ ጠየቀች። ኢንጂነሩ ዓይኑን ሳያሽ፣ ቡኒው የታንከሩን ግድግዳ ለክሬሙ እንደሚያለሰልሰው አብራራ። መካኒኩ ሳል ይዟቸው ወጡ። እናታችን የውሃ ቱቦ ይዘው ቆመው ነበር፤ ውሃውን ግን አልለቀቁበትም። «ግድግዳ ማለስለስ» በታንከር ክፍል ውስጥ የውሸት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። አርፍዶ የመጣ ቀላቃይ «አውቶቡስ አጥቼ ነው» ሲል፣ «ተው ግድግዳ አታለስልስ» ይባላል።

አምስት ዓመት ሠንጠረዡ በር ላይ ተሰቅሎ ኖረ፤ ሥራው በሰሌዳው ይሠራ ነበር። ነገሩ የፈነዳው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከውጭ የመጡ ተቆጣጣሪዎች የተጻፈው እንዲሠራ፣ የሚሠራውም እንዲጻፍ አዘዙ። ኢንጂነሩ ሰሌዳውን አስወርዶ ሠንጠረዡን ታንከሮቹ ፊት አሰቀለ። ለአሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶች የሚሆን የክሬም ቀለም ታዞ ነበር፣ አራት ሺህ ሊትር። በታንከሩ ውስጥ ያለው ቡኒ ነው።

እናታችን ቢሮው ድረስ ሄደው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ሳላጥበው ነው የሚገባው?»

«ሠንጠረዡ ምን ይላል?»

«መፋቅ ብቻ ይላል።»

«ታዲያ ምን ያስጠይቃል? እዚህ ቤት በቃል የሚሠራበት ዘመን አብቅቷል፣ እትዬ።»

«በጽሑፍ ስጠኝ እንግዲያው።»

ጻፈ፤ ፈረመ። እናታችን «እሺ» አሉ። እናታችንን የሚያውቅ ሰው ያ «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ፋቁ፤ በደንብ አድርገው ፋቁ። ክሬሙ ገባ፤ ሲወጣ የወተት ሻይ መስሎ ወጣ። አራቱም ሺህ ሊትር ተመለሰ።

ኢንጂነሩ ጥፋቱ የአጣቢዋ ነው አለ። አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። እናታችን የተፈረመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሰብሳቢው፣ ከቡኒ በኋላ ክሬም የሚለው ከየት እንደመጣ ሲጠይቁት፣ ኢንጂነሩ ስለ ግድግዳው ጀመረ። ያን ጊዜ መካኒኩ የጥገና መዝገባቸውን ይዘው ገቡና የ1985ቱን ሐሙስ ገጽ ገልጠው አነበቡ፦ «ቡኒው እንዳለቀ ታንከር አንድ ተከፍቶ ምላጭ ይቀየራል፤ ታንከሩ ሙሉ በሙሉ ይታጠባል፤ ክሬም ከጥገና በኋላ።» ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ታዲያ ይህን ሠንጠረዥ አንተ ነህ የሠራኸው ወይስ የገለበጥከው?» አሉት። ከረባቱን አላላ። ይህ በቃለ ጉባኤው ላይ አልተመዘገበም።

ውሳኔው ሁለት መስመር ነበር። ኢንጂነሩ በቃል እንዲመከር፤ እናታችን ስሕተቱን እያወቁ ባለማሳወቃቸው ለጊዜው ወደ እጥበት እንዲመለሱ። ክሱ እውነት ነው፤ ቤተሰቡ አይክደውም። ያውቁ ነበር። አምስት ዓመት አስቀምጠውት፣ በቀኑ አወጡት። ቅጣቱን ያመጣባቸው በቀላቸው ነው፤ በቀሉን ያመጣው ግን ሌብነቱ ነው። ነገር በመጣበት ተራ ይቆጠር።

ለጊዜው የተባለው አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀ። በአርባ አራት ዓመታቸው ወደ ታንከር ወርደው በስልሳ ዓመታቸው ወጡ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመደቡት በሦስተኛው፣ በሚያፍነው ቀጭን ዘይት፣ በቲነር፣ በሚታጠበው፣ አየር በማይገባበት ታንከር ነው። ምደባውን የሚፈርመው ማን እንደነበር ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም።

ሰሌዳው በሌለበት ፋብሪካው እንዴት ሠራ? ቀላቃዮቹ የታንከሩ አፍ ላይ እየመጡ ይጣሩ ነበር።

«እትዬ ሰሌዳ! ከቢጫው በኋላ ምን እናስገባ?»

«ብርቱካን ስንት በርሜል ታዟል?» ይላል ከታች የሚያስተጋባ ድምፅ።

«ሁለት!»

«አስገባው። ቀዩን ሐሙስ። ግራጫውን የነካ ግን እጁን እቆርጣለሁ!»

የፋብሪካው ቅደም ተከተል አሥራ ስድስት ዓመት ከታንከር ውስጥ በጩኸት ተመራ። አንድ ቀን ከረባቱ ራሱ መጥቶ ጎንበስ አለና ስለ ሰማያዊው ጠየቃቸው። «ሠንጠረዡ ላይ አለልህ» አሉት። ደገመ። ብሩሹን አጠንክረው መፈግፈግ ጀመሩ፤ ታንከሩ እንደ ደወል ጮኸ። ሌላ ቀን አልመጣም።

አንድ የሥራ ባልደረባቸው እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ሊያጽናኗቸው ቢሞክሩ፣ «እስኪጠራ ድረስ ማን ነው የሚያጥበው?» ብለው መልሰዋል።

ኢንጂነሩ በ1995 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጅ ሆነ። እናታችን በ2007 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ የተሰጣቸው ምስክር ወረቀት «ታንከር አጣቢ ሆነው ለአርባ አንድ ዓመት አገልግለዋል» ይላል። በማጠባቸው አፍረው አያውቁም። የፈለጉት አንድ መስመር እንዲጨመር ብቻ ነበር፦ የምርት ቅደም ተከተሉን ያወጡት እሳቸው መሆናቸው። ሁለት ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። በሦስተኛው ራሳቸው ሄዱ። ትንሿ ልጃቸው አብራቸው ነበረች፤ የሰማችው ይህን ነው።

«እትዬ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ «በዚህ ዕድሜ ይሄ ምን ይጨምርልዎታል?»

«ለኔ ምንም አይጨምርም» አሉ። «ካንተ ግን ይቀንሳል። እሱን ብዬ ነው የመጣሁት።»

መስመሩ አልተጨመረም። ምስክር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ።

ከጡረታ በኋላ የልጅ ልጆቻቸውን አሳደጉ፤ ለሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪም የትኛው ሊጥ የትኛውን ተከትሎ ወደ ምድጃ እንደሚገባ ደርድረው ሰጡት፤ ለሱ ያላንዳች ሠንጠረዥ፣ በቃላቸው። ትንሿ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ማሽኖችን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ለማዘጋጀት የሚባክነውን ጊዜ ስለ መቀነስ ስትማር፣ መምህሩ ሰሌዳ ሙሉ የጻፈውን ቀመር በደብተሯ ይዛ መጣች። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ይሄ ሰውዬ ታንከር አጥቦ ያውቃል?» አሉ። እንደማያውቅ ሲነገራቸው፣ «ያስታውቃል። ስለ ቀዩና ስለ አረንጓዴው አልነገራችሁም» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ ስለ ቀዩ ጠየቀች። መምህሩ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ጠየቀ፣ የእናታችንንም ስምና ሙያ በማስታወሻው ጻፈ። እናታችን ይህን ሲሰሙ ከአርባ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ሰው ነው አሉ።

አባታችን በ2010 ዓ.ም. አረፉ። በ2013 ዓ.ም. እናታችንን ሳልና የትንፋሽ እጥረት ጀመራቸው። ሐኪሙ የሳንባቸውን ፎቶ ብርሃን ላይ ዘርግቶ በመጀመሪያ የጠየቀው ምን ይሠሩ እንደነበር ነው፤ ሲነገረው ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። ሦስት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ነርሷ ልጃቸው አልጋቸውን ከመስኮቱ አጠገብ አድርጋ፣ የኦክስጅኑን ቱቦ በእጇ እያስተካከለች አስታመመቻቸው።

በመጨረሻው ሳምንት ታናሽ እህታቸው እግራቸውን እያሹ፣ «እታለም፣ በቃ ይቅር በዪው። ነፍስሽ ቀለል ትበል» አሏቸው። እናታችን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ነፍሴ መች አስቸገረችኝ? ትንፋሼ ነው ያስቸገረኝ» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲጻፍ ጽጌረዳና ሻማ እንዳይበዛበት፣ ሥራ አስኪያጁም በአክብሮት እንዲጠራ አዘዙ። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ «ሳይሰማው የተነበበ ምኑ ይነበባል?» አሉ። ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው፣ ሦስቱም ልጆቻቸው ባሉበት አረፉ።

በማግስቱ ከፋብሪካው የሐዘን መግለጫ ደረሰን፤ በዚህ ጽሑፍ ላይ እንዲታተም የሚጠይቅ ነው። «ሟቿ በሥራ አስኪያጃችን ለተቀየሰው የቅደም ተከተል አሠራር ትጉህ ረዳት ነበሩ» ይላል። አላተምነውም። ይህችን አንዲት መስመር ብቻ የወሰድነው፣ ሰው ከመቃብር አፍ ላይ እንኳ ሊወስድ እንደሚችል ማስረጃ እንዲሆን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የወጋው ግን አልረሳም፤ እየደገመ ነው።

ስለዚህ ፋብሪካው ያልጻፈውን ቤተሰቡ ይጽፋል፤ ታትሟል፣ በሦስት መቶ ሰው እጅ ነው፣ ከእንግዲህ የሚያጥበው የለም፦ የቀለም ፋብሪካውን የምርት ቅደም ተከተል ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ያወጡት፣ የደረደሩትና የመሩት፣ ሙያቸው ታንከር አጣቢ የነበረው እናታችን ናቸው። ሌላ ማንም አይደለም። ጡረታ የወጡት መካኒክ የጥገና መዝገባቸውን ይዘው መጥተዋል፤ በአዳራሹ በር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ የሐሙሱ ገጽ ተገልጦ ተቀምጧል። ከእናታችን ጋር የሠራችሁ፣ ታንከር አፍ ላይ ቆማችሁ የጠየቃችኋቸውና መልስ ያገኛችሁ ሁሉ፣ ይህ መስመር ሲነበብ ከመቀመጫችሁ እንድትነሱ ቤተሰቡ በትሕትና ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁም፣ ያኔ በባልዲው ላይ ሆኖ፣ መልስ ካገኙት አንዱ ነው፤ መነሣት አለመነሣቱን ለሱ ትተናል። እናያለን።

እናታችን ሦስት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንዲት ታናሽ እህት ትተው አልፈዋል። ከጎናችን ለቆሙት ጎረቤቶች፣ ለሐኪሞቹ፣ ለታንከር ክፍል ሠራተኞች በሙሉ ምስጋናችን ከልብ ነው።

የደከሙባትን ዓለም ጥለው የሄዱት እናታችንን ፈጣሪ አየር በሞላበት፣ ሰፊ በሆነ ሥፍራ ያሳርፍልን። ላዘናችሁ ሁሉ መጽናናትን ይስጣችሁ። ለሥራ አስኪያጁ ደግሞ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ የማይደክም የማስታወስ ችሎታ እንዲሰጠው አጥብቀን እንለምናለን።